ቀድሞ የተናገረው ለምን ያሸንፋል?

ሰባት አባላት ያሉት የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ እንውሰድ። አጀንዳው ሦስት ፕሮፎርማ አይቶ የውሃ ፓምፕና ሮቶ የሚገጥመውን ባለሙያ መምረጥ ነው። ሰብሳቢው ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው «እንግዲህ እኔ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ እስቲ የእናንተን ደግሞ እንስማ» ይላሉ። ቀጥሎ ያለው «ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ሁለተኛው ጥሩ ነው» ይላል። ሦስተኛዋም ያንኑ ትደግማለች። ተራው አራተኛው ሰው ጋ ሲደርስ «ከእኔ በፊት የተናገሩት ጨርሰውታል» የምትለው የታወቀች ዓረፍተ ነገር ትመጣለች። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሰፊው ከተወያየንበት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ይሰፍራል። የተሰበሰበው ሰባት ሰው ነው፤ የተሰማው ሐሳብ ግን አንድ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ፍርሃት ወይም ይሉኝታ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን በቸልታ ስለሚታለፍ መፍትሔ ተብሎ የሚመጣው ነገር ሁሉ ይከሽፋል። ሞርተን ዶይች እና ሃሮልድ ጄራርድ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1955 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁለቱን ነጣጥለው አሳይተዋል። ሰው ሌላውን የሚከተለው ወይ ከቡድኑ ላለመነጠል ነው፣ ወይ ደግሞ ነገሩን ራሱ ስለማያውቀው የሌላውን አስተያየት እንደ መረጃ ስለሚወስደው ነው። የመጀመሪያው ሰው ልቡ ውስጥ ሌላ ሐሳብ አለው፤ አውጥቶ አልተናገረውም። ሁለተኛው ግን በልቡም ተለውጧል። ለአንዱ የሚሆነው መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

የመጀመሪያውን በግልጽ ያሳየው ሰለሞን አሽ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሰባት እስከ ዘጠኝ የሚሆኑ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ አንድ መስመር ካሳያቸው በኋላ፣ ከሌሎች ሦስት መስመሮች መካከል በርዝመት እኩያው የትኛው እንደሆነ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲናገሩ ይጠይቃል። ከአንዱ በቀር ሁሉም አስቀድሞ የተመከሩ ናቸው። ከ18 ዙር በ12ቱ አንድ ላይ ሆነው የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ፤ ያ ምንም የማያውቀው ልጅ ተራው የሚደርሰው ወደ መጨረሻ ነው። ሰው ብቻውን ሲመልስ ስሕተቱ ከ1 በመቶ በታች ነበር። በቡድን ውስጥ ግን በእነዚያ 12 ዙሮች ከተሰጡት መልሶች 36.8 በመቶው ቡድኑን የተከተሉ ስሕተቶች ሆኑ። ሩብ የሚሆኑት ተማሪዎች አንድም ጊዜ አልተበገሩም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል።

ለኮሚቴ ሥራ የሚጠቅመው ግን አሽ ኋላ ላይ ሙከራውን እየቀያየረ ያገኘው ነው። ተቃራኒው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ተጽዕኖው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ሁለት ሲሆኑ ስሕተቱ 13.6 በመቶ ደረሰ፤ ሦስት ሲሆኑ 31.8 በመቶ። ከዚያ በላይ ሰው ቢጨመርም ብዙ ለውጥ የለም። ማለትም ሦስት ሰው በተከታታይ አንድ ነገር ከተናገረ አራተኛው ላይ የሚጫነው ክብደት ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው። ያቺ «የተናገሩት ጨርሰውታል» የምትለው አነጋገር አራተኛው ሰው ላይ ብቅ ማለቷ አይገርምም። በሌላ በኩል ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን ሲናገር ስሕተቱ ወደ ሩቡ ወረደ። ተጠያቂው መልሱን በአፉ ከመናገር ይልቅ በወረቀት እንዲጽፍ ሲደረግም እንዲሁ ክፉኛ ቀነሰ።

እዚህ ድረስ ሲሰሙ ብዙዎች «እንግዲያው በምስጢር ድምፅ እንስጥ» ይላሉ። ቸኮሉ።

የመስመር ርዝመት በዓይን የሚታይ ነገር ነው። የፓምፕ ሥራ ዋጋ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ከሰባቱ ምናልባት አንዱ ቢያውቀው ነው። ለዚህ የሚቀርበው የቱርክ ተወላጁ ሙዛፈር ሸሪፍ በ1935 ያሳተመው ጥናት ነው። ፍጹም ጨለማ በሆነ ክፍል አንዲት የማትንቀሳቀስ የብርሃን ነጥብ ብትበራ ለዓይን የምትንቀሳቀስ ትመስላለች። «ምን ያህል ተንቀሳቀሰች?» ተብለው የተጠየቁ ሰዎች ለብቻቸው ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ልክ አበጁ። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ቁጥሮቻቸው እየተቀራረቡ ሄደው አንድ የጋራ ልክ ላይ አረፉ። ከዚያ በኋላ እንደገና ለብቻቸው ሲጠየቁም የመለሱት የቡድኑን ልክ ነበር። ማንም አላስፈራራቸውም፣ ማንም አያያቸውም፤ ያንን ቁጥር አምነውታል።

ስለዚህ ከውይይት በኋላ የሚሰጥ የምስጢር ድምፅ የሚያድነው ከይሉኝታ ብቻ ነው። ሰብሳቢው «ይህ ሥራ ከ250 ሺህ ብር አይበልጥም» ብለው ከጀመሩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በድብቅ የሚጻፈው ቁጥርም 250 ሺህ አካባቢ የሚያንዣብብ ነው። ሳጥኑ ተቆልፏል፤ የገባበት ሐሳብ ግን አስቀድሞ አንድ ሆኗል። ወረቀቱ መምጣት ያለበት ማንም አፉን ሳይከፍት ነው።

ገና ያልተመሳሰለ ግምት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ፍራንሲስ ጋልተን በ1907 ባወጣው ጽሑፍ ይታያል። በእንግሊዝ ፕሊመዝ ከተማ በአንድ የከብት ትርኢት ላይ አንድ የሰባ በሬ ታርዶና ተገፎ ስንት ይመዝናል የሚል ውድድር ነበር። ሰዎች ከፍለው ግምታቸውን ካርድ ላይ ጽፈው አስገቡ። ጋልተን 787 የሚነበቡ ካርዶችን በቅደም ተከተል ደርድሮ መካከል ላይ ያለውን አየ፤ 1,207 ፓውንድ ነበር። የበሬው ሥጋ 1,198 ፓውንድ ሆነ፣ ወደ 543 ኪሎ ማለት ነው። ልዩነቱ 1 በመቶም አይሞላም። ሥጋ ሻጩም፣ ገበሬውም፣ ዝም ብሎ ዕድሉን የሞከረውም ተሳስተዋል፤ ግን ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ስለተሳሳተ ስሕተቱ እርስ በርሱ ተጣፋ። ካርዱን የሚያስገባው ሰው ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ካርድ እያየ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሳሳት ነበር። በ2011 የወጣ የዙሪክ ጥናትም 144 ተማሪዎች የሌሎችን ግምት እያዩ የራሳቸውን እንዲያሻሽሉ አድርጎ ነበር። ቁጥሮቹ ተቀራረቡ፣ ትክክለኛነታቸው ግን አልተሻሻለም፤ የተማሪዎቹ በራስ መተማመን ብቻ ጨመረ። ከዚህ የከፋ ውጤት ማሰብ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ኮሚቴው እንመለስ። ያስፈልጋል የምለው ሩብ ገጽ ወረቀት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ያለው እስክሪብቶ፣ ሦስት ደቂቃ ዝምታ ነው። ፕሮፎርማዎቹ ከስብሰባው ሁለት ቀን አስቀድመው ለሁሉም ይደርሳሉ። በዕለቱ ሰብሳቢው አጀንዳውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያስተዋውቃሉ፤ ዋጋ አይጠሩም፣ ያለፈው ዓመት ስንት እንደነበር እንኳ አያነሱም። እያንዳንዱ አባል ወረቀቱ ላይ የመረጠውን፣ ሥራው በትክክል ስንት ብር ሊፈጅ ይችላል ብሎ እንደሚገምት፣ አንድ ምክንያት፣ ከዚያም በግምቱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጥቶ ይጽፋል። ስም አይጻፍም። ጸሐፊው ሰብስቦ፣ አደባልቆ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ድምፅ አንብቦ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ላይ ይገለብጣል።

ግምቶቹ በሺህ ብር 180፣ 220፣ 240፣ 250፣ 260፣ 300 እና 900 ሆኑ እንበል። ደምሮ ለሰባት ማካፈል የለመደው ሰው 336 ሺህ ገደማ ያገኛል፤ ይህ ቁጥር ከሰባቱ ስድስቱ ከጻፉት ሁሉ ይበልጣል፤ አንዲት 900 ብቻዋን ጎትታዋለች። ደርድሮ መካከለኛውን፣ አራተኛውን መውሰድ ነው፦ 250 ሺህ። ግን 900ዋን ሰርዞ ማለፍም ስሕተት ነው። «ይህን የጻፈው ሰው ምን አስቦ ሊሆን ይችላል?» ተብሎ ለሁሉም ይጠየቃል፤ ቁጥሩን የጻፈውን ሰው ራሱን ጨምሮ ማንም ሊመልስ ይችላል፣ ጽፌያለሁ ብሎ መናዘዝ አይጠበቅበትም። ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ሰውየው ዜሮ ጨምሯል፣ ወይ ደግሞ ከሰባቱ እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ለምሳሌ ወደ ላይ የሚወጣው የብረት ቧንቧ ዝጎ ስለበሰበሰ አዲሱ ፓምፕ በሚሰጠው ግፊት እንደሚፈነዳ፣ ሙሉ በሙሉ መቀየር እንዳለበት። ሁለተኛው ከሆነ ያቺ የተለየች ቁጥር የዕለቱ ዋና መረጃ ናት።

ይህ ወደ ሌላ ወጥመድ ይወስደናል። ጋሮልድ ስታሰር እና ዊልያም ታይተስ በ1985 አራት አራት ተማሪዎችን አሰባስበው ከሦስት ዕጩዎች አንዱን እንዲመርጡ አደረጉ። አንደኛው ዕጩ በግልጽ የተሻለ ነበር። መረጃው በሙሉ ለአራቱም ሲሰጥ 83 በመቶ ቡድኖች እሱን መረጡ። የእሱ መልካም ጎን ለአራቱ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁራጩ ሲደርሰው ግን የመረጡት ቡድኖች ከሩብ በታች ሆኑ። ቁራጮቹን ገጣጥሞ ማየት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሲወያዩ የዋሉት ሁሉም አስቀድሞ በሚያውቀው ነገር ላይ ነበር። የጋራ የሆነ ነገር ሲነገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ተናጋሪው ያዋቂነት ስሜት ይሰማዋል። ብቻውን የሚያውቀውን የሚናገር ሰው ግን የሚያረጋግጥለት ስለሌለ አንዴ ተናግሮ ይተወዋል።

መላው ወረቀቶቹ ከተነበቡ በኋላ፣ ሐሳብ መስጠት ሳይጀመር፣ አንድ የመረጃ ዙር ማስገባት ነው። በዚህ ዙር «ይሻላል»፣ «አይሻልም» ማለት ክልክል ነው። እያንዳንዱ ሌላው አያውቀውም የሚለውን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፦ «ሦስተኛው ድርጅት እህቴ ግቢ የገጠመው ሮቶ ስር የብረት መቀመጫው ጠቦ ጎብጧል»፣ «አንደኛው ፕሮፎርማ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ አልተካተተም»፣ «በእኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ብቻ ስለሆነ አውቶማቲክ ማጥፊያ ከሌለው ፓምፑ በባዶ ሲዞር ይቃጠላል»። አዲስ ነገር የሌለው «የለኝም» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለው ዙር ለሰባት ሰው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ በእኔ ግምት ከስብሰባው ሁሉ የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

የንግግር ተራ ከታች ወደ ላይ ይሁን። ይህ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። በጎንደር ዘመን በቤተ መንግሥት ጉባኤ ቃል የሚሰጠው ከዝቅተኛው ማዕረግ ተጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ የንጉሡ ቃል መጨረሻ ላይ በቃል አቀባይ በኩል ይሰማ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ንጉሡ ከተናገሩ በኋላ ማን ሌላ ይናገራል? የእኛ ኮሚቴዎች ይህንን ገልብጠው «በዕድሜ ታላቃችን ይጀምሩልን» ማለትን አክብሮት አድርገውታል። መክፈቻውን ምርቃት ለታላላቆች መስጠት ይቻላል፤ ሐሳቡን ግን ታናሹ ይጀምር፣ ሰብሳቢው ይደምድም። ይህ ታላቅን ዝቅ ማድረግ የሚመስለው ሰው ካለ፣ መጨረሻ የሚናገር ሰው የሁሉንም ሰምቶ እንደሚናገር ማስረዳት ይበቃል።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? ብዙ ጊዜ ከስብሰባው በፊት። ሦስት አባላት ዋዜማውን ቡና ሲጠጡ ከተስማሙ ወረቀቱ ላይ ሦስት ድምፅ ሳይሆን አንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ ይጻፋል። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ሰው «እኔ ሁለተኛው ነው የምለው» ብሎ ከለጠፈና አራት አውራ ጣት ከተደረደረለትም ነገሩ አብቅቷል፤ ፕሮፎርማው በግሩፕ ይላክ፣ አስተያየት ግን እስከ ስብሰባው ይዘጋ። ሌላው የእጅ ጽሑፍ ነው። ሰባት ሰው ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ሲፈራረም ከኖረ የማን ፊደል እንደሆነ ይታወቃል፤ ስለዚህ ጸሐፊው ብቻ ያንብብ፣ ወረቀቱን ካነበበው በኋላ ይቅደደው። ማንበብና መጻፍ የሚቸግራቸው አባቶችና እናቶች ካሉ ለምርጫው ባቄላ፣ በቆሎና ሽምብራ ለሦስቱ ፕሮፎርማ መድቦ ከጨርቅ በተሠራ ከረጢት ውስጥ እንዲከቱ ማድረግ ይቻላል፤ ግምታቸውን ጸሐፊው ለብቻቸው ጆሮ ሰጥቶ ይመዝግብላቸው። በዙም የሚሰበሰቡ የውጭ አገር ማኅበራትና የቤተ ክርስቲያን ቦርዶች ደግሞ ሁሉም ቻቱ ላይ ጽፈው እንዲጠብቁ፣ ሰብሳቢው ሦስት ሲቆጥር በአንዴ እንዲልኩ ማድረግ ነው። ስም ባይደበቅም ቢያንስ ማንም ማንን አይቶ አልጻፈም።

የሚቃወም ሰው ስለመመደብም ይነሳል፤ «ዛሬ አንተ ተቃዋሚ ሁን» ይባላል። ሻርላን ኔመት የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እንዳሳየችው ተመድቦ የሚቃወም ሰው ከልቡ የሚቃወምን ሰው አይተካም። አባላቱ ድራማ መሆኑን ስለሚያውቁ ሐሳባቸውን እንደገና አይመረምሩም፤ እንዲያውም የራሳቸውን ለማጠናከር ይጠቀሙበታል። እውነተኛው ተቃዋሚ ግን ቢሳሳት እንኳ ይጠቅማል። አሽ ጋ ከቡድኑ የባሰ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ሰው ሲገባም ተጠያቂው ዓይኑ ያየውን ለመናገር ይበልጥ ነጻ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ «አልተስማማሁም» የሚለው አስቸጋሪ ሰውዬ ሐሳቡ ብዙ ጊዜ ውድቅ ቢሆንም፣ ጎኑ የተቀመጠችው ዝምተኛ አፏን የምትከፍተው እሱ ስላለ ሊሆን ይችላል። ከኮሚቴ ለማውጣት ከመፈረም በፊት ይህን ማሰብ ነው። የልዩነት ሐሳብም ቃለ ጉባኤ ላይ በስም ሳይሆን በይዘት ይመዝገብ፦ «አንድ አባል ቧንቧው ሳይቀየር ፓምፑ መገጠም የለበትም የሚል ሐሳብ አቅርቧል።» ከስድስት ወር በኋላ ገልጦ ማየት ማን እንደሚያውቅ ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ያስተምራል።

አዲስ አባል ሌላ ጣጣ አለው። ኤድዊን ሆላንደር በ1958 እንደጻፈው፣ ቡድን ውስጥ የገባ ሰው አስቀድሞ የቡድኑን ወግ አክብሮና ሥራውን አሳይቶ ተቀባይነት ያጠራቅማል፤ በኋላ ለየት ያለ ነገር ሲናገር የሚያወጣው ካጠራቀመው ነው። ገና እንደገባ የሚተች ሰው ትክክል ቢሆንም «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ» ይባላል። ችግሩ ጉድለትን ጥርት አድርጎ የሚያየው አዲስ ሰው መሆኑ ነው፤ ተቀባይነት ሲያገኝ ዓይኑ ለምዶታል። ሮበርት ጄከብስ እና ዶናልድ ካምቤል በ1961 የሸሪፍን የጨለማ ክፍል ወስደው የተጋነነ ቁጥር በሚናገሩ የተመከሩ ሰዎች ሞሉት፤ ከዚያ አንድ በአንድ አስወጥተው በአዲስ ሰው ተኩ። ያንን ቁጥር የፈጠሩት ሰዎች በሙሉ ከወጡ በኋላም የተጋነነው ልክ እየሳሳ ለጥቂት ዙር ቅያሪ ቀጠለ። «ዕድራችን ድሮም እንዲህ ነው የሚያደርገው» የሚባሉ ስንት ነገሮች ምክንያታቸውን የሚያውቅ ሰው እንደሌላቸው ማሰብ ነው። ስለዚህ አዲሱ አባል በገባ በመጀመሪያው ወር «ግራ የገባህን ሦስት ነገር ጽፈህ ስጠን» ይባል። ተጠይቆ ሲናገር እንደ ትችት አይቆጠርበትም።

ይህ ሁሉ ሌሎችን መከተል መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሰው ሁሉን ነገር ራሱ ሞክሮ አይዘልቅም። ብራይስ ራያን እና ኒል ግሮስ በ1943 ያወጡት ጥናት በአሜሪካ አዮዋ በሁለት የገበሬ መንደሮች 259 ገበሬዎች የተዳቀለ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደተቀበሉ ያሳያል። ከ1928 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ከሁለቱ በቀር ሁሉም ተቀበሉት። አብዛኞቹ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጭ ነው፤ ኋላ ላይ የተቀበሉትን ያሳመናቸው ግን ጎረቤት ነው። መጀመሪያ ላይ የዘሩትም ከማሳቸው ትንሽ ቁራጭ ላይ ብቻ ነበር። አጥር ተሻግሮ የሚታይ ማሳ፣ አፈሩና ዝናቡ ተመሳሳይ የሆነ፣ ክረምቱን ሙሉ የሚታይ ማስረጃ ነው።

«ከእኔ የሚመሳሰል» የሚለው ነገር ብርቱ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ በ2010 በተደረገ ጥናት ለገበሬዎች ከእነሱ በማይሻል ኑሮ ጀምረው ሕይወታቸውን ያሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ የሚያሳይ ፊልም ቀረበ። ለሌሎች ደግሞ ተራ የቴሌቪዥን መዝናኛ ታየ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ቆጥበው፣ ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያደርጉት ነገርም ጨምሮ ተገኘ። በአንጻሩ ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ የሚታየው ሰው ማዳበሪያውን ቀድሞ የሚያገኝ፣ የልማት ሠራተኛው በየሳምንቱ የሚጎበኘው ከሆነ ጎረቤቱ «እሱማ እሱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ምቀኝነት አይደለም፤ ውጤቱ ከዘሩ ይሁን ከድጋፉ መለየት ስላልቻለ ነው።

ኮሚቴዎች «ልምድ ልውውጥ» ብለው ሌላ ግቢ ሲሄዱ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በከተማው የታወቀውን ምርጥ ግቢ ጎብኝተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። መፈለግ ያለበት በፎቅ ብዛት፣ በውሃ ፈረቃና በነዋሪ ብዛት የሚመሳሰል ግቢ ነው፤ ቢቻል ሁለት፣ አንዱ የተሳካለት ሌላው የከሸፈበት። የተሳካለትን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱም ያደረጉትን ነገር የስኬቱ ምክንያት አድርጎ ይመለሳል። መጠየቅ ያለበትም «እንዴት ነው፣ ረካችሁ?» ሳይሆን ስንት ሊትር፣ ስንት ፈረስ ጉልበት፣ በወር የመብራት ስንት መጣ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ቆመ፣ ማን ጠገነው፣ መለዋወጫ ከየት ተገኘ ነው። ጎብኚዎቹም መኪና ውስጥ ማውራት ሳይጀምሩ ያዩትን ለየብቻ ይጻፉ።

ሁሉም አጀንዳ ይህን አይፈልግም። ለዓመታዊ በዓል ስንት ኪሎ ቡና ይገዛ፣ የጥበቃው ዩኒፎርም ምን ቀለም ይሁን ለሚለው ወረቀት ማደል ሰውን ማሰልቸት ነው፤ እጅ አውጥቶ ማለፍ። ወረቀቱ የሚወጣው ገንዘቡ ትልቅ ሲሆን፣ ውሳኔው በቀላሉ የማይመለስ ሲሆን፣ ወይም የሰው ስም የሚነካ ሲሆን ነው፤ አባል ማሰናበት፣ ገንዘብ ያዥ መምረጥ፣ የሠራተኛ ቅጥር። በቅጥር ጊዜ ፈታኞቹ ተጠያቂው ከክፍሉ እንደወጣ «እንዴት አያችሁት?» ከመባባላቸው በፊት ነጥባቸውን ሰጥተው ይፈርሙ፤ አምስቱ ፈታኞች ለሁሉም ተጠያቂ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ነጥቡም ለእያንዳንዱ መልስ ለየብቻ እንጂ ለሰውየው በጅምላ አይሰጥ። ከተነጋገሩ በኋላ ነጥቡን መለወጥ የሚፈልግ ፈታኝ የመጀመሪያውን ሳይሰርዝ ጎኑ ላይ አዲሱን ከነምክንያቱ ይጻፍ።